ከከበሮው ማማ ጀርባ
(የጉዞ ማስታወሻ)



ሙስሊም በማይበዛበት አገር የሰነበተ ሙስሊም አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሆዱ ነው። ሥጋው በማን እጅ ታረደ? ዳቦው በምን ቅባት ተለወሰ? ሾርባው ውስጥ ምን ገባ? እኔም ለሦስት ሳምንት የመምህራን ሥልጠና ቤጂንግ በቆየሁበት ጊዜ ጭንቀቴ ይኸው ነበር። አስተናጋጆቻችን መልካም ሰዎች ናቸው፤ ማዕዱም ሙሉ ነው። ነገር ግን የአሳማ ስብ የገባበትን ካልገባበት ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ በተቀቀለ እንቁላል፣ በነጭ ሩዝና በሙዝ ስከርም ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ።

ይህን ያስተዋለ አንድ ሱዳናዊ የሥልጠና ባልደረባዬ አንድ ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት የቻይና ፊደላት ጽፎ ሰጠኝ። «እነዚህን እንደ ሱራ ሐፍዛቸው» አለኝ እየሳቀ። ሲነበቡ «ቺንግዠን» ይላሉ። የመጀመሪያው «ንጹሕ»፣ ሁለተኛው «እውነተኛ» የሚል ትርጉም አለው። የቻይና ሙስሊሞች ሐላል የሆነውን ምግባቸውንም፣ መስጊዳቸውንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ዐረብኛውን ብቻ መፈለግ እንደማያዋጣም አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው፤ በ2019 የቤጂንግ ሐላል ምግብ ቤቶች የዐረብኛ ጽሑፍን ከበራቸው ላይ እንዲያነሱ መታዘዛቸው በዜና ማሰራጫዎች ተዘግቧል። ሁለቱን የቻይና ፊደላት የያዘ ሰው ግን መንገድ አይጠፋበትም።

ባልደረባዬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ አንድ ምክርም ጨመረልኝ። «በበዓሉ ዕረፍት ወደ ሺአን ሂድ። ከከበሮው ማማ ጀርባ ያለውን ሰፈር ጠይቅ። እዚያ ሳትጨነቅ ትበላለህ።»

በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ማገባደጃ ላይ ቻይና ብሔራዊ በዓሏን ስታከብር አገሩ ሁሉ ለቀናት ሥራ ይፈታል። በዚያ ሰሞን በፈጣኑ ባቡር ተሳፈርኩ። ከቤጂንግ እስከ ሺአን 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

የጥንቷ ቻንግአን

ሺአን በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ618 እስከ 907 እ.ኤ.አ.፣ «ቻንግአን» ትባል ነበር። የነገሥታቱ መናገሻ፣ የሐር ንግድ መንገድም ምሥራቃዊ ጫፍ ነበረች። ከፋርስ፣ ከመካከለኛው እስያና ከዐረብ አገር የሚነሱ ሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን የሚያራግፉት በገበያዋ ነበር። በ651 ከዐረቦች ዘንድ የተላከ መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥቷ መግባቱን የቻይና የታሪክ መዛግብት ጽፈዋል። ዘመኑ የኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ነው። ሶሐቦች ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱበት ከ615 ጀምሮ ብንቆጥር ገና 36 ዓመት መሆኑ ነው።

ከነዚያ ነጋዴዎችና ከኋላ ከመጡ ሙስሊሞች ዘር፣ ከአገሬውም ጋር በጋብቻ እየተዛመደ የተገኘው ሕዝብ ዛሬ «ሁይ» ይባላል። መልኩ ቻይናዊ ነው፤ ቋንቋው ቻይንኛ ነው፤ ሃይማኖቱ ኢስላም ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሁይ ቁጥር ከ11 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በሺአን ብዙዎቹ የሚኖሩት ከከበሮው ማማ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ በሚገኙት ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ በመስጊዶቻቸው ዙሪያ ተሰባስበው ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

የከበሮው ማማ በ1380 የተሠራ፣ ጣሪያው እንደ ክንፍ የተዘረጋ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በሥሩ ባለው ቅስት አልፌ ስወጣ ከፊቴ ቤይዩዋንመን የሚባለው መንገድ ተዘረጋ። ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያን ያህሉን ለመጨረስ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ የበዓል ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ እንደ ጎርፍ ይፈስስ ነበርና።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ከሙን! በረጅም የከሰል ምድጃ ላይ የተደረደረ የበግ ጥብስ፣ በላዩ ላይ ከሙንና የተፈጨ ቃሪያ እየተነሰነሰበት ይጨሳል። በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሙሉ በግ ተሰቅሏል፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ ወጣቶች እዚያው እየበለቱ ለእንጨቱ ይሰካሉ። ወዲያ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ትልልቅ የእንጨት መዶሻ ተራ በተራ እያወረዱ የለውዝ ከረሜላ ይወቅጣሉ። ምታቸው ከሩቅ ሲሰማ የሠርግ ድቤ ይመስላል። የሮማን ጭማቂ የሚጨምቁ አሉ፤ ሊንቶንግ የሚባለው የሺአን አካባቢ በሮማኑ የታወቀ ነው። በትልቅ ድስት ሙሉ፣ አንዱ ንብርብር ሩዝ፣ አንዱ ንብርብር ቀይ ፍሬ ሆኖ የበሰለ ጣፋጭ የሚሸጡም አሉ። ፍሬው ተምር ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛ የቁርቁራ ዘመድ ነው።

ቀና ባልኩ ቁጥር እነዚያን ሁለት ፊደላት አየኋቸው። በዚህ በር ላይ ቺንግዠን፤ በዚያ በር ላይ ቺንግዠን። በሺአን በጣም የታወቀው በዳቦ መሐል የሚገባ የተከተፈ ሥጋ ከዚህ ሰፈር ውጪ ከአሳማ ይሠራል። እዚህ ግን ከበሬ ነው። በርካታ ቤቶችም አስካሪ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን በበራቸው ላይ ለጥፈዋል። አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ፣ በማይመስሉት ሰዎች ባሕር መካከል ሆኖ፣ ድስቱን ጠብቆ ኖሯል። ሱብሐነላህ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ጉርሻ ስመረምር የከረምኩት ሰው ያን ምሽት ምራቄን በሰላም ዋጥኩ።

አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ሰፊ መጥበሻ ፊት ቆማ ክብ ክብ ቂጣ ስትጠብስ አየሁና ቆምኩ። ቲማቲም ከሚመስል ብርቱካናማ ጣፋጭ ፍሬ ጭማቂና ከዱቄት የተለወሰ፣ በውስጡ ስኳርና የተፈጨ ለውዝ የተደረገበት፣ በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ነው። ሦስት በላሁ። ዋጋው 15 ዩዋን ሆነ። 100 ዩዋን ዘርግቼ ስሰጣት ራሷን ነቀነቀች። መልስ የላትም። በቻይና ዛሬ ባለ ቁራሽ ሱቅ እንኳ ሒሳብ የሚቀበለው በስልክ ነው፤ ከመጥበሻዋ በላይ በስልክ የሚነሳ ጥቁርና ነጭ ምልክት ተንጠልጥሏል። የእኔ ስልክ ደግሞ ለዚህ አልተዘጋጀም። ጎረቤቶቿን ብትጠይቅ እነርሱም ዝርዝር ገንዘብ አጡ።

በልቼያለሁ፤ መመለስ አልችልም። ላብ ላብ አለኝ። መቶውን እንድትይዘው ብገፋላት እምቢ አለች። ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው እያየች ፈገግ ብላ በእጇ «ሂድ፣ ሂድ» አለችኝ። ከዚያም እጇን ከትከሻዋ በላይ ወደ ፊት ወረወረች። «ነገ» ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኳት። ዓይኗ በራ። «ወዐለይኩሙ ሰላም» ብላ ወደ መጥበሻዋ ዞረች።

የበቆሎው ጣሳ

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳሰበኝ 15ቱ ዩዋን ብቻ አልነበረም።

እኔ ያደግኩት ደሴ፣ አረብ ገንዳ አካባቢ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ እኛን ያሳደገችው ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው። ጠዋት ቁርኣን ቤት እቀራለሁ፤ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እናቴ ምድጃዋን የምታቆመው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ሳንቲም ያጠረው ተማሪ ሲመጣ ትሰጠዋለች። መጻፍ ስለማትችል ለያንዳንዱ ባለዕዳ በየጣሳው የበቆሎ ፍሬ ትጥላለች። አንድ ፍሬ፣ አንድ ሳምቡሳ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አንድ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «ልጄ፣ ጣሳው ተደበላለቀብኝ። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ ስማቸውን ጻፍልኝ» አለችኝ። እኔ ግን የክፍል ጓደኞቼ ከእናቴ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም። «የቤት ሥራ አለብኝ» አልኳት። ደብተሩን ለሒሳብ ትምህርት አደረግሁት። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ ምድጃውን ላለማለፍ በኋላ በር እየዞርኩ ቤት እገባ ነበር። የምበላው ግን ያው ሳምቡሳ ያመጣውን ነበር።

መድረሳ ውስጥ ስለ ሐላል ብዙ ቀርቻለሁ። ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳሉ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ሰው ከሚበላው ሁሉ የተሻለው በገዛ እጁ ያገኘው መሆኑን ኡስታዛችን አስተምረውናል። በፈተና መልሼዋለሁ። ከምድጃው ፊት ሲደርስ ግን ያ ዕውቀት አብሮኝ አልነበረም።

ልብ መመርመሪያው ማማ

በማግስቱ ለዐስር ሰላት ታላቁን መስጊድ ፈልጌ ሄድኩ። በዕቃ ሻጮች የተሞላ ጠባብ መተላለፊያ ካለፉ በኋላ ድንገት ጸጥታ ይቀበላል። እንደ ነባሩ ትውፊት መስጊዱ የተመሠረተው በ742 ነው። ዛሬ የሚታየው ግንባታ ግን በአብዛኛው ከሚንግ ዘመን፣ ከ1392 ጀምሮ የመጣ ነው። ለጎብኚ በቲኬት ነው፤ ሙስሊም ለሰላት ሲመጣ ግን አይከፍልም። ጠባቂው ገና ሰላምታዬን ሲሰማ በእጁ ወደ ውስጥ አመለከተኝ።

ጉልላት የለውም። እንደ ቀስት የተቆለመመ የቻይና ጣሪያ፣ የእንጨት በር፣ የድንጋይ ሐውልት፣ ዛፍ የሞላበት ግቢ ከግቢ እየተቀጠለ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቂብላ ይዘልቃል። በመካከሉ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ባለ ሦስት ደርብ ማማ ቆሟል። ስሙ «ልብን የመመርመሪያ ማማ» ማለት ነው። ስሙን በቆምኩበት ደጋግሜ አሰብኩበት።

ከሰላት በኋላ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የአገሬን ስም በቻይንኛ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐበሻ» ስላቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሐበሻ! ነጃሺ! ቢላል!» አሉ። ከቁርኣን ቤት በቀረቻቸው ዐረብኛ እየታገዙ፣ ሶሐባው ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ወደ ቻይና የመጡት ከሐበሻ ተነስተው ነው እያሉ አባቶቻቸው ያወሩ እንደነበር ነገሩኝ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን በማስረጃ አያረጋግጡትም። ነገር ግን በዓለም ዳርቻ ያለ ሰፈር የእምነቱን መንገድ ሲያወራ አገሬን አስታኮ ማውራቱ ልቤን ነካው።

ሽማግሌው ለእራት ካልጋበዝኩህ አሉ። የሄድንበት ቤት የሰፈሩን ዝነኛ ምግብ የሚሠራ ነው፤ «ያንግሮው ፓውሞ» ይባላል። ባዶ ጎድጓዳ ሳሕንና ሁለት ደረቅ ጠፍጣፋ ዳቦ ፊቴ ተቀመጠ። እኔ የራበኝ ሰው አራት ቦታ ቆርሼ ሳሕኑ ውስጥ ጣልኩት። ሽማግሌው ሳቁና ሳሕኔን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ዳቦውን በጣታቸው ጫፍ እየቆነጠሩ፣ የሽንብራ ፍሬ እስኪያክል ድረስ ያደቁት ጀመር። «ሰብር» አሉኝ በዐረብኛ። ትልቅ ከተቆረሰ ሾርባው ወደ ውስጥ አይገባም። ዳቦው ውጪው ርሶ ውስጡ ደረቅ ይሆናል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆነጠርን። ከዚያ አስተናጋጁ ሳሕኑን ወደ ማዕድ ቤት ወሰደና በበግ መረቅ፣ በሥጋና በቀጭን የስታርች ክር አብስሎ መለሰው። በስኳርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ ድልህ ከጎኑ ቀረበ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስቀምስ በሐዲስ የምናውቀው ሰሪድ፣ ዳቦ በሥጋ መረቅ የሚፈተፈትበት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተወዳጅ ምግብ፣ ትዝ አለኝ። የእናቴም ፍትፍት ትዝ አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ደብተሩ

ሽማግሌውን ከመግሪብ በኋላ ተሰናብቼ ዕዳዬን ልከፍል ወደ መጥበሻዋ ሄድኩ። ቀን ላይ ገንዘቤን ዘርዝሬ ነበር። ሴትዮዋ ገና ከሩቅ አውቃኝ ሳቀች። ከኋላዋ፣ በዘይት ጀሪካንና በዱቄት ጆንያ መካከል፣ የትምህርት ቤት ቱታ የለበሰ አሥር ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል። አንድ ነገር አለችው። ልጁ የትምህርት ደብተሩን አስቀመጠና ከጎኑ ሌላ፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ ደብተር አነሳ። ገጹን ገልጦ በጣቱ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

የተጻፈውን እንዲነግረኝ በምልክት ጠየቅሁት። የእናቱን ስልክ ተቀብሎ በማስተርጐሚያው አሳየኝ፤ «ከሩቅ የመጣው ወንድም፣ ሦስት፣ 15 ዩዋን» ይላል። ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለኝ፤ መስመሩን በማስመሪያ ሰርዞ ደብተሩን ዘጋ። በዚያን ጊዜ እሱ የለበሰውን ቱታ የለበሱ ሁለት ልጆች ከእናታቸው ጋር ሊገዙ መጡ። በስሙ ጠሩት። እሱም እጁን አውለበለበላቸውና ቂጣውን በወረቀት እየጠቀለለ አቀበላቸው። ጆሮው እንኳ አልቀላም።

እዚያው ቆሜ ብዙ አየሁት። የመንገዱ ጩኸት፣ መዶሻው፣ ጭሱ፣ ሁሉም ከጆሮዬና ከዓይኔ ራቀ። ወደ ቻንግአን ኢስላምን ያመጡት ነጋዴዎች ስማቸው አልተጻፈም። እምነቱን በዚህ ሰፈር ካቆዩት መካከል ግን በመጥበሻ ፊት ቆመው ያረጁ እናቶችና ከጎናቸው ተቀምጠው ሒሳብ የጻፉ ልጆች እንዳሉበት ያን ምሽት አመንኩ። ቺንግዠን ያልኩት ሥጋውንና ዘይቱን ብቻ ነበር። ለካስ ለእንግዳ በዱቤ የሚሰጠውን እጅና ዱቤውን አሳምሮ የሚጽፈውን እጅም ይጨምራል።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! ከእናንተ መካከል ወላጁ በጉሊት፣ በምድጃ ወይም በጋሪ የሚያሳድገው ብዙ ነው። ምግባችሁ ሐላል መሆኑን ስትመረምሩ ያመጣላችሁን እጅም ተመልከቱ። በኋላ በር አትዙሩ።

ሆቴሌ እንደገባሁ ደሴ ደወልኩ። እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ዛሬ ምድጃውን ትታለች፤ ጉልበቷም አይችልም። ያየሁትን ሁሉ፣ መንገዱን፣ መጥበሻውን፣ ልጁን ነገርኳት። ደብተሩ ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘብኝ። «እማዬ፣ ያቺን ደብተር ስላልጻፍኩልሽ ዐውፍ በይኝ» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«የቤት ሥራ ነበረብህ እኮ ልጄ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ «ይልቅ እሱን ተወውና ንገረኝ፤ ሴትዮዋ የምትጠብሰው በምን ዘይት ነው?»